ዋልካ ላይ የተሠራ ጓሮ፦ ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ

ነሐሴ 22/2016

ቦታው ሐይቅ ከተማ ዳር ነው፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቤተሰብ ግቢ ነው። ከቤቱ ጀርባ 20 በ25 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለ፣ 500 ካሬ ማለት ነው። እስካሁን በቆሎና ዱባ ብቻ ሲዘራበት ኖሯል። አፈሩ ዋልካ ነው። ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 80 የቲማቲም ችግኝ ተከልኩ። ደልዳላ መሬት ላይ፣ በመስመር። ዛሬ የቀሩኝ 14 ናቸው። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ምግብ አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ሰጠሁት። ባሰበት። ከዚያ ፀሐይ በወጣ ቁጥር መጠውለግ ጀመረ፣ ውሃ ጠማው ብዬ ዝናብ ባልጣለበት ቀን በጀሪካን እያመላለስኩ አጠጣሁት። ይኼኔ አለቀ።

ዛሬ አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል። በሁለት ጣት ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ፣ መሀሉ ላይ ክር የምታህል ቀጭን ነገር ብቻ። አፈሩን አሸተትኩት። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ጎረቤታችን ሸሁ በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተዋል።

"ልጄ፣ ታንቆ እኮ ነው የሞተው።"

"ምን አንቆት አባባ?"

"ውሃ ነዋ። ዋልካ ውሃ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ሥርም ይተነፍሳል። አብሽሪ፣ መሬቱ አልከፋም፣ አያያዙ ነው።"

ነሐሴ 24

የሸሁን ነገር ለማረጋገጥ 40 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈርኩና ማታ 12 ሰዓት ላይ አፉ ድረስ ውሃ ሞላሁበት። አፉ ላይ ጣውላ ከደንኩ፣ ሌሊት ዝናብ ቢመጣ እንዳይሞላው። እንጨት አቁሜ ምልክት አደረግኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የወረደው 5 ሴንቲ ብቻ ነው። በ12 ሰዓት 5 ሴንቲ! ደህና የሚያሰርግ አፈር ቢሆን በአንድ ሰዓት ሁለት ሦስት ሴንቲ ይወርዳል።

ምክንያቱ ሸክላው ነው። ዋልካ ውስጥ ያለው ሸክላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲያብጥ አየርና ውሃ የሚያልፉበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ስለዚህ እኔ ምግብም ውሃም እያልኩ የጨመርኩት ሁሉ ችግሩን ያባባሰ ነበር። የጎደለው ውሃ መውጫ ነው። ይህን በትልቁ ጽፌ ኩሽና በር ላይ ለጠፍኩት።

ሰሜን ሸዋ እነዋሪ በኩል ገበሬው ዋልካውን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመሀል ለመሀል ውሃው በቦይ ይወጣል። እኔም እሱን ልሞክር ነው። አሁን ግን አይነካም፣ ጭቃ ነው።

መስከረም 28/2017

ዋልካ የሚቆፈርበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ቶሎ ከገባሽበት ዶማው ላይ ተለጥፎ አይወርድም፣ የረገጥሽበትም ቦታ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ካረፈድሽ ደግሞ ዶማውን ራሱ ይመልሳል። የምለካው በጭብጥ ነው፤ አንድ እፍኝ አንስቼ እጨብጠዋለሁ፣ በአውራ ጣት ጫን ስለው ከተፈረካከሰ ጊዜው ነው፣ እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ገና ነው። ከመስከረም 12 ጀምሮ በየቀኑ ስጨብጥ ከርሜ 19 ላይ ተፈረካከሰ። ያን ቀን ማታውኑ ሁለት የቀን ሠራተኛ ጠራሁ።

የመደቡ ልክ፦ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሴንቲ። በመደብና በመደብ መካከል ግማሽ ሜትር ቦይ። የቦዩ አፈር ተዝቆ መደቡ ላይ ይወጣል። ወርዱን 1.2 ያደረግኩት ከሁለቱም በኩል እጄ መሀሉ ድረስ እንዲደርስ ነው፣ ምክንያቱም ከአሁን በኋላ መደቡ ላይ ማንም አይወጣም። የአጎቴን ልጆች ይህን ማሳመን ከቁፋሮው የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

ስህተት ተሠርቷል። የመጀመሪያዎቹን አምስት መደቦች ቁልቁለቱን ይዤ ቀጥታ ወደ ታች አወረድኳቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ የመጨረሻዋ የክረምት ዝናብ ጣለች፣ ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። ቦዩ አፈሩን እየጠረገ የታችኛው አጥር ሥር ደለል ቆለለ። አምስቱንም አፍርሼ በአግድም አሠራሁ፣ ቦዩ በጣም በትንሹ ብቻ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብል። ውሃው ይወጣል፣ ግን አይሮጥም። ይሄ አንድ ቀን ጨመረብኝ።

ጠቅላላ 18 መደብ ወጣ። ሁለት ሰው አራት ቀን በ450 ብር፣ 3,600። እበት 12 ጋሪ በ250 ብር፣ 3,000። ከእበቱ ስምንቱ ጋሪ የበሰበሰ ነው። አራቱ ጥሬ ነበር፣ ሲራገፍ ገና እንፋሎት ነበረው። ግድ የለም ብዬ ለካሮት ባዘጋጀሁት መደብ ላይ አደረግኩት።

ጥቅምት 3

የሽንኩርት ዘሩ አልወጣም። ከአንድ ሱቅ በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጥ ነው የገዛሁት፣ 300 ብር። ቦምቤ ሬድ ነው ተባልኩ፣ ማሸጊያም ቀንም የለውም። 12 ቀን ጠብቄ እዚህም እዚያም አንዳንድ በቀለ። የተረፈኝን 50 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞሰብ ሥር አስቀመጥኩት። በስምንት ቀን የበቀለው 11 ነው። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፣ ሙቀትና እርጥበት ያለበት መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት ከቆየ ብዙ አይጠበቅበትም። እንደ ባቄላ አይደለም።

ደሴ ሄጄ የታሸገ፣ ቀን የተጻፈበት አንድ ቆርቆሮ የሽንኩርት ዘር ገዛሁ፣ 900 ብር። ከዚህም 50 ፍሬ አውጥቼ በጨርቁ ለመፈተን አስቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ለእኔ ይበዛል፣ የሚተርፈውን ለሦስት ጎረቤት አካፍላለሁ። ሌላ ዘር በሙሉ፣ ቲማቲም ሮማ ቪኤፍ፣ ካሮት ናንተስ፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ 650 ብር።

ጥቅምት 14

ጨርቁ ላይ ከ50 ዘር 43 በቀለ። ካሁን በኋላ ምንም ዘር ሳልፈትን መሬት አላስነካም።

ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ጥቅምት 5 ላይ የችግኝ መደብ ላይ ዘርቼ ነበር፣ 15 ሴንቲ በሚራራቅ መስመር፣ አንድ ሴንቲ ጥልቀት፣ ከላይ ደረቅ ሣር። ካሮት ችግኝ ተዛውሮ አይሆንም፣ 12 ላይ በቀጥታ መደቡ ላይ ነው የተዘራው። የካሮቱን አንዱን ግማሽ መደብ ከወንዝ የመጣ አሸዋ ቀላቀልኩበት፣ ሰው "ዋልካን አሸዋ ያለሰልሰዋል" ሲል ሰምቼ።

ኅዳር 13

ቲማቲሙ ኅዳር 8 ተዛወረ። 33 ቀን ሆኖት ነበር። ሦስት መደብ፣ በመደብ 40 ችግኝ። ማታ ላይ ነው የተከልኩት፣ ፀሐይ ስትበርድ።

በማግሥቱ ጠዋት 23 ችግኝ ተቆርጦ ተኝቷል። ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ፣ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ዶሮ ጠረጠርኩ። ዶሮ ግን ትጭራለች እንጂ እንዲህ አስተካክላ አትቆርጥም። ከአንዱ ግንድ ሥር አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር ሳደርግ፣ ሁለት ሴንቲ እንኳ ሳልወርድ፣ አመድማ ወፍራም ትል ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሲነካ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ይወጣል።

ሦስት ሌሊት በስልክ መብራት ለቀምኩ። የመጀመሪያው ሌሊት 31፣ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 6። ከዚያ እናቴ ግቢ ውስጥ የተጠራቀመውን የሃይላንድ ፕላስቲክ ሁሉ አወጣችልኝ። ላይና ታቹን ቆርጬ ቀለበት አደረግኩት፣ እያንዳንዱን ችግኝ አለበስኩት፣ ሦስት ሴንቲ ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ። ከዚያ በኋላ የተቆረጠ የለም። ወጪው ዜሮ። በመጠባበቂያ ካቆየሁት ችግኝ 23ቱን ተካሁ። መጠባበቂያ ችግኝ ባይኖረኝ ኖሮ መደቡ ተበሳስቶ ይቀር ነበር።

ታኅሣሥ 10

ሽንኩርቱ ኅዳር 25 ገባ፣ አራት መደብ። መስመር ከመስመር 20፣ ችግኝ ከችግኝ 10 ሴንቲ። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፣ እናቴና ሁለት የጎረቤት ልጆች ረድተውኛል።

አሁን ችግሩ ተገልብጧል። ውሃ ያንቃል ስል የነበርኩት ሰውዬዋ አሁን ውሃ ፍለጋ ላይ ነኝ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ማለት 5 ሊትር ነው። መደቡ 9.6 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 48 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል ገደማ። በ18 ሲባዛ 43 ጀሪካን በቀን። 9 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለን፣ ዲናሞ አለው፣ መብራት ሲኖር። መብራት ሲጠፋ በባልዲ ነው።

ይህን ለመቀነስ ሁለት ነገር ሞከርኩ።

የመጀመሪያው ድሪፕ ነው፣ ውሃውን በቀዳዳ ጠብ ጠብ እያደረገ የሚያጠጣ የፕላስቲክ መስመር። 200 ሊትር በርሜል ድንጋይ ላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ ለስድስት መደብ መስመር ዘረጋሁ፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ 3,800 ብር። በአምስተኛው ቀን ግማሹ ቀዳዳ ደፈነ፣ የጉድጓዱ ውሃ ደለል አለው። አሁን በርሜሉ አፍ ላይ ድርብ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አስሬ አጣራለሁ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የመስመሩን ጫፍ ከፍቼ አጥበዋለሁ። ይሠራል።

ሁለተኛው ጉዝጓዝ ነው፣ እሱ ከድሪፑ በልጧል ብዬ አምናለሁ። የጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚፈለግ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የማሽላ አገዳ ከትፌ ከደረቅ ሣር ጋር ቀላቅዬ ስድስት ሰባት ሴንቲ አነጠፍኩ። ሁለት መደብ ሆን ብዬ ሳላነጥፍበት ተውኩ፣ ለማወዳደር። ያልተነጠፈበት በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ የሰላጣውን ሥር በጥሶታል፣ በዓይኔ አየሁት፣ ነጩ ሥር ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥሎ። የተነጠፈበት ላይ በአራተኛው ቀን እጄን ስሰድ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። አሁን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣቱን ትቼ በአራት ቀን አንዴ በደንብ አጠጣለሁ። ሥሩም ወደ ታች ይሄዳል።

ጥር 16

ካሮቱ 94 ቀን ሆነው። ቅጠሉ ያማረ ነበር። የመጀመሪያውን ስነቅል ሦስት እግር ያለው ወጣ። ቀጥሎ ያለው ሁለት እግር። ሌላው አንዱ በአንዱ ላይ ተጠምዝዞ። ምክንያቱ ያ ጥሬ እበት ነው፣ ካሮት ገና ያልበሰበሰ ፍግ ሲያገኝ ሥሩ ይከፋፈላል። አሸዋ የቀላቀልኩበት ግማሽ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አሸዋው ጥቂት ስለሆነ ከሸክላው ጋር ተጋግሮ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል፣ ካሮቱ ጣት አክሎ ቀርቷል። ዋልካ የሚለሰልሰው በበሰበሰ ፍግና በኮምፖስት ነው፣ ያውም በየዓመቱ። እናቴ ግን አንዱንም አልጣለችም፣ ሁሉንም ከትፋ አልጫ ሠራችው። ጣዕሙ ምንም አልጎደለውም።

ለሙከራ አሮጌው የቆሻሻ ጉድጓድ አጠገብ፣ ሁለት ዓመት የበሰበሰ አፈር ላይ፣ አንድ መስመር ካሮት ዘርቼ ነበር። እዚያ ያለው ቀጥ ያለ፣ የአንድ ስንዝር ካሮት ነው። አንዱን ሳላጥብ በቀሚሴ ጠርጌ እዚያው በላሁት።

ጥር 29

ቱታ አብሶሉታ ገብቷል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የቲማቲም ተባይ ነው፣ በፈረንጆች 2012 ነው አገራችን የታየው። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ የተቃጠለ የሚመስል ቦታ ይታያል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስቼ ሳየው በሁለቱ ስስ ሽፋኖች መካከል ትንሿ ትል ስትንቀሳቀስ ትታያለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ነጠብጣብ ትታለች። መኖሪያዋ ቅጠሉ ውስጥ ነው።

ለዚህም ነው ሁለት ጊዜ የረጨሁት መድኃኒት ያልሠራው፣ 850 ብር። ከላይ የረጨሁት ውስጥ ያለችውን አልነካትም። ሌላው ጥፋቴ ደግሞ ድንቹን ከቲማቲሙ አጠገብ መትከሌ ነው። ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው፣ ተባዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ያደረግኩት፦ የተበላውን ቅጠል በየሁለት ቀኑ ለቅሜ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስሬ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ እዚያው ይቀቀላል። የታችኛውን ቅጠል እስከ 30 ሴንቲ ድረስ አራቆትኩት። ማታ ሳፋ ውስጥ ውሃና የልብስ ሳሙና አድርጌ የሶላር መብራት ከላዩ ሰቅላለሁ። ግራጫ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የእሳት እራት ነች፣ ወደ መብራቱ መጥታ ሳሙናው ውስጥ ትወድቃለች። የመጀመሪያው ሌሊት 64 ቆጠርኩ፣ በአሥረኛው 9። ሌላም ነፍሳት አብሮ ይገባል፣ እሱ ያሳዝነኛል፣ ለዚህ መብራቱን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አጠፋዋለሁ።

ፍሬ መልቀም የጀመርኩት ጥር 24 ነው። ፍሬው ላይ ከአምስት አንዱ ተበስቷል። ደህናው ግን ደህና ነው።

የካቲት 25

ቲማቲሙ እስከ ዛሬ 140 ኪሎ ደርሷል። 85 ኪሎ ሸጥኩ በ40 ብር፣ 3,400። የቀረው ቤት ገባ፣ ለጎረቤትም ተዳረሰ። የመጀመሪያዋን ሳህን ለሸሁ ወሰድኩላቸው። "ጀባ አባባ" ስላቸው አንዷን አንስተው አገላብጠው አዩዋትና፣ ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ "ሽንኩርትሽን ግን ቶሎ አንሺ፣ በልግ አይታመንም" አሉኝ።

መጋቢት 19

አልሰማኋቸውም። ማለት፣ በግማሽ ነው የሰማኋቸው።

ሽንኩርት አንገቱ ለስልሶ ቅጠሉ ሲወድቅ ደርሷል ማለት ነው። ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ውሃ ይቆማል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይነቀላል። መጋቢት 8 ላይ አራቱም መደብ ደርሷል። ሁለቱን ነቀልኩ፣ በረንዳ ላይ በእንጨት ቆጥ ላይ ዘርግቼ አንገቱ እስኪደርቅ አናፈስኩት። ሁለቱን ተውኩ፣ ዋጋው እየጨመረ ነው ሲባል ሰምቼ፣ አሥር ቀን ብጠብቅ ምን አለበት ብዬ።

መጋቢት 13 ማታ በልጉ ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ። መሬት ውስጥ የነበረው እንደገና ሥር አወጣ፣ ልጣጩ ተሰነጠቀ። ዛሬ ነቅዬ ጨረስኩ። አንገቱን ሲጫኑት ስርጉድ የሚል ብዙ ነው። ቀድሜ ያነሳሁት 78 ኪሎ ንጹሕ ሆኖ ቆጡ ላይ አለ። ዘግይቼ ካነሳሁት የዳነው 31 ኪሎ ነው፣ እሱም ቶሎ መበላት አለበት። ውስጤ አዝኗል። በደረቅ ወር ስንት ጀሪካን ያመላለስኩበት ነው።

አንድ ነገር ግን አየሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ መሀል ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ገባሁ። ቦዩ ሙሉ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ከአራት ሰዓት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ቦዩ ውስጥ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ቆስጣው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እጄን መደቡ ውስጥ ሰድጄ አፈር አወጣሁና አሸተትኩ። የአፈር ሽታ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 11

ሂሳብ። ወጪ፦ ሠራተኛ 3,600፣ እበት 3,000፣ ዘር ከከሰረው ጋር 1,850፣ ድሪፕ 3,800፣ መድኃኒት 850። ድምር 13,100። ገቢ፦ ቲማቲም 3,400፣ ሽንኩርት 60 ኪሎ በ70 ብር 4,200፣ ቆስጣና ሰላጣ 1,750። ድምር 9,350። 3,750 ይጎድላል። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ቤታችን ቆስጣና ሰላጣ፣ ከጥር ወዲህ ደግሞ ቲማቲም አልገዛም፣ እሱ እዚህ ውስጥ የለም። መደቡና ድሪፑም ለሚቀጥለው ይቆያሉ።

ለክረምቱ የወሰንኩት፦ ቲማቲም የለም። በዝናብ ወቅት ምች ይመታዋል፣ በየሳምንቱ መርጨት አልፈልግም። ሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር ይገባሉ። ድንቹ ላይኛው ጫፍ ላይ ያሉት ሦስት መደቦች ላይ፣ ቲማቲም ባልነበረበት። ቲማቲም የነበረበት ላይ ባቄላ።

ውሃው ሁሉ የሚሰበሰብበት የታችኛው ጥግ እስካሁን መላ አላገኘም። ሸሁ ሸንኮራ አገዳ ትከይበት አሉ፣ እርጥበት ይወዳል። አሥር ቁራጭ ከራሳቸው ጓሮ ቆርጠው ሰጥተውኛል፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አስቀምጫለሁ። ዛሬ ጠዋት አፈሩን ጨበጥኩት። ገና ይጠፈጠፋል። ነገ ደግሞ እጨብጠዋለሁ።